የግብር ቀን የነበረው ዘመን መለወጫ፦ ቤንጋሎች በአዲስ ዓመታቸው ላይ ለምን ይከራከራሉ?

በ2025 ቤንጋልኛ ተናጋሪው ሕዝብ 1432ኛ ዓመቱን የተቀበለው በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የተለየ ነገር ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በባንግላዴሽ በዓሉ የዋለው ኤፕሪል 14፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ በህንዷ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ግን ያው ሕዝብ በዚያው ቋንቋ ያንኑ የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ የተለዋወጠው በማግስቱ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ የሚዘጋጀው ዝነኛ የአደባባይ ሰልፍ ስሙ መቀየሩ ተነገረ፤ በማግስቱም ጎሕ ሳይቀድ ለሰልፉ ከተሠሩት ምስሎች ትልቁ በእሳት ጋየ።

ፖሄላ ቦይሻክ፣ ማለትም የቦይሻክ ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ብዙ ጊዜ በቀይና ነጭ ሳሪ በተሸለሙ ሴቶች፣ በከበሮና በዘፈን ፎቶግራፎች የሚታወቅ የደስታ ቀን ነው። ፎቶግራፎቹ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ከደስታው ሥር ያለውን ጠብ አያሳዩም። ጠቡም በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቤንጋል ማለት በመጀመሪያ ሙስሊም ነው፣ ሂንዱ ነው ወይስ ቤንጋል? የአዲስ ዓመቱ ቀን፣ የተጀመረበት ዘመን፣ የሰልፉ ስም፣ በማዕድ የሚቀርበው ዓሣ ሳይቀር የዚህ ጥያቄ መዋጊያ ሜዳ ሆነዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን በዓሉ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ከሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ፍላጎት ውጪ ነው የሚል ነው። ምክንያቱም የዚህ ዘመን አቆጣጠር አዋላጆች ካህናትም ሼኮችም ሳይሆኑ ግብር ሰብሳቢዎች ናቸው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ህንድን በአብዛኛው ያስገዛው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አክባር ዙፋን የወጣው በ1556 ነው፤ ያ ዓመት በእስልምና የሂጅራ አቆጣጠር 963 ነበር። እንደሚታወቀው የሂጅራ ዓመት የጨረቃን ዑደት ብቻ ስለሚከተል ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። አሁን የቤንጋሎችን ዓመት እንመርምረው፦ 963 ላይ ከ1556 እስከ 2025 ያለፉት 469 የፀሐይ ዓመታት ሲደመሩ 1432 ይመጣል። በዓሉ በዋለበት ቀን የሂጅራው አቆጣጠር ራሱ የደረሰው 1446 ላይ ነበር። የ14 ዓመቱ ልዩነት ከየትም አልመጣም፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች በ1556 ከአንድ ቦታ ተነሥተው፣ አንዱ በጨረቃ፣ ሌላው በፀሐይ ሲጓዙ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ የተራራቁት ርቀት ነው። ዛሬ የሂንዱ ቤተሰብ የሠርግ ቀን የሚቆርጥበት፣ የአማልክት በዓል የሚያሰላበት የቤንጋል ዓመት ቁጥሩን ያገኘው፣ በዚህ ስሌት መሠረት፣ ከነቢዩ ሙሐመድ ስደት ነው ማለት ነው።

አክባር ይህን ያደረገበት ምክንያት ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው። መንግሥት ግብር የሚጠይቀው በጨረቃ ወር፣ ሩዝ የሚደርሰው ግን በፀሐይና በዝናብ ከሆነ፣ የግብሩ ቀን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ አንድ ጊዜ ከአጨዳ ማግስት፣ ሌላ ጊዜ ቡቃያው ገና አረንጓዴ ሳለ ይውላል። ከዚህም በላይ 32 የፀሐይ ዓመታት 33 የጨረቃ ዓመታት ስለሚሆኑ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ገባሩ ያላጨደው አዝመራ ግብር ይጠየቅበታል። አክባር የፋርስ ተወላጅ የሆነውን ሊቅ ፋቱላህ ሺራዚን ሌላ አቆጣጠር እንዲያዘጋጅ አዘዘው፤ አዲሱ አቆጣጠር በ1584 ታወጀ፣ መነሻውም ወደ ኋላ ተመልሶ የንጉሡ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ «ፎሽሊ»፣ ማለትም የመከር ዓመት፣ የሚባሉ አቆጣጠሮች ተስፋፉ፤ የቤንጋሉም ዓመት ከእነዚህ እንደ አንዱ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ሙሉ በሙሉ አያረካም፤ የሚቃወሙትም እንዲያው ከመሬት ተነሥተው አይደለም። የአክባር ይፋዊ አቆጣጠር ወሮቹ የፋርስ ስም የያዙ፣ አዲስ ዓመቱም በመጋቢት የሚውለው ኖውሩዝ ነበር። የቤንጋሉ ዓመት ግን የሚጀምረው በሚያዝያ ነው፤ ወሮቹም ቦይሻክ፣ ጆይሽቶ፣ አሻር፣ ስራቦን እያሉ በጥንታዊው የህንድ ሥነ ፈለክ የከዋክብት ስሞች የሚጠሩ ናቸው። በዚያ ላይ የአክባር ሠራዊት ቤንጋልን ድል ያደረገው በ1576 ቢሆንም አገሩ ቶሎ አልጸናለትም፤ የአካባቢው መኳንንት ለዓመታት ሲዋጉት ኖረው ዳካ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የሆነችው ከእርሱ ሞት በኋላ በልጁ በጃሃንጊር ዘመን ነው። ስለዚህ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች አቆጣጠሩን በሥራ ላይ ያዋለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤንጋልን የገዛውና የግብሩን ሥርዓት እንደ አዲስ ያዋቀረው ሙርሺድ ቁሊ ኻን ነው ይላሉ።

ሌላው ወገን፣ በተለይ በህንድ የሂንዱ ብሔርተኞች ዘንድ የሚወደደው፣ መነሻውን ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይወስደውና በጥንቱ ቤንጋል የጋውዳ ንጉሥ ለነበረው ለሂንዱው ሻሻንካ ይሰጠዋል። መከራከሪያቸው ቀላል ነው፦ 1432ን ከ2025 ብንቀንስ የምናገኘው 593 ነው፣ ሻሻንካም የገነነው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ክርክር ድካም እዚሁ ላይ ነው። 963ን ከ1556 ብንቀንስም የሚመጣው ያው 593 ነውና፣ ቁጥሩ ብቻውን ለሻሻንካ ሊመሰክር አይችልም፤ ሻሻንካ አዲስ ዘመን ማወጁን የሚናገር የእርሱ ዘመን ጽሑፍም አልተገኘም። የበለጠ የሚያስኬደው ሁለቱን ማጣመር ነው። የወሮቹ ስም፣ የዓመቱ ርዝመትና መባቻው ከጥንቱ የሂንዱ ሥነ ፈለክ የተወረሱ ናቸው፤ የዓመቱ ቁጥር ግን የሙስሊም መንግሥት የግብር ጽሕፈት ቤት የሰጠው ነው። አንዱን ወገን መርጦ ሌላውን መካድ የሚቻለው የቁጠራውን ግማሽ ጥሎ ነው።

ቀኑ ራሱ ለምን ሚያዝያ ላይ እንደዋለ ማየትም ይጠቅማል። በቤንጋል ዋናው የአማን ሩዝ የሚታጨደው በኅዳር ገደማ ነው፤ ያ ወር በቤንጋልኛ «ኦግሮሃዮን» ይባላል፣ ስሙም በአንድ ወቅት የዓመት መጀመሪያ እንደነበረ ያስታውሳል፤ አዲሱ ሩዝ የሚቀመስበት «ኖባንኖ» የተባለው በዓልም እስከ ዛሬ በዚያው ወር ነው። ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የበጋው ጥራጥሬና የቅባት እህል ተጨምሮበት፣ ሁሉም ገበያ ወጥቶ ገንዘብ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በመጨረሻው ወር በቾይትሮ ማብቂያ ላይ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ አለው፤ ማሳው ደርቋል፣ ዝናቡም ገና አልገባም። ለግብር ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ሰሞን አይገኝም።

ሥርዓቱም ይህንኑ ተከትሎ ተሠራ። ገባሩ እስከ ቾይትሮ የመጨረሻ ቀን ያለበትን ሁሉ ይከፍላል፤ በማግስቱ ቦይሻክ ሲጠባ ዛሚንዳር የሚባሉት ባላባቶች ግቢያቸውን ከፍተው ለገባሮቻቸው ጣፋጭ ያድላሉ፣ ሙዚቃና ትርዒት ያሳያሉ። የአዲሱ ዓመት ግብር መቀበያ የሚከፈትበት «ፑንያሆ» የተሰኘ ሥነ ሥርዓትም ነበር። ገባሩ የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ጥቂት ገንዘብ ለመጀመሪያ ያህል ያስይዛል፣ ጣፋጭና የሚታኘክ የፓን ቅጠል ተቀብሎ ይመለሳል። ይህን እንደ ቸርነት ብቻ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ጣፋጩ ግን ዓመቱን ሙሉ ከተከፈለው የተቆነጠረ መሆኑን መርሳት አይገባም። የምሥራቅ ቤንጋል መንግሥት በ1950 ባወጣው ሕግ የባላባቱን ሥርዓት ሲሽር ፑንያሆም አብሮ ከሰመ።

ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የዘለቀው የነጋዴው ወገን ነው። «ሃልኻታ» የአዲሱ ዓመት መዝገብ መክፈቻ ነው። በቀይ ጨርቅ የተለበጠ፣ በገመድ የሚታሰር ረጅም የሂሳብ መዝገብ ይገዛል፤ ነጋዴው ሂንዱ ከሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የመልካም ዕድል ምልክት ሥሎ ጋኔሽ የተባለውን አምላኩን ስም ይጽፋል፣ በምዕራብ ቤንጋል ዋና ከተማ በኮልካታ ደግሞ መዝገቡን ወደ ካሊጋት ወይም ወደ ዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ይዞ ሄዶ ያስባርካል። ሙስሊም ከሆነ በዚያው ገጽ ላይ «ኤላሂ ቦሮሻ»፣ ተስፋዬ በአላህ ነው፣ ብሎ ይጀምራል። ገጹ አንድ ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው። ከዚያ ደንበኞች በካርድ ይጠራሉ። የተጠራው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በዱቤ የወሰደውን ይከፍላል፣ ሁሉንም ባይችል ጥቂት ያቀልላል፣ ነጋዴውም ጣፋጭ አቅርቦ አዲስ ገጽ ይከፍትለታል። ዕዳ መጠየቅ ነውር በሚሆንበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ዕዳ የሚሰበሰብበት ብልሃት ነው። በድሮዋ ዳካ የወርቅና የጨርቅ ገበያዎች ልማዱ አሁንም አለ፤ ይሁንና ኮምፒውተርና የሞባይል ክፍያ የቀዩን መዝገብ ሥራ ስለወሰዱበት ብዙ ቦታ ለወጉ ያህል ብቻ የሚከፈት ሆኗል።

የሕዝቡ ልማዶች ደግሞ ከመንግሥትም ከነጋዴም መዝገብ ውጪ የራሳቸው ሥር አላቸው። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን «ቾይትሮ ሾንግክራንቲ» ይባላል፤ በዚያ ቀን በገጠር ከሜዳና ከአጥር ሥር የተለቀሙ ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠሎች አብረው ይበስላሉ፣ በሂንዱዎች ዘንድ ሺቫን የሚያከብሩበት «ጋጆን» የተሰኘ ብርቱ ሥርዓት ይፈጸማል። በማግስቱ ቤት ይጠረጋል፣ አዲስ ልብስ ይለበሳል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ በየመንደሩም «ሜላ» የሚባለው ገበያ ይቆማል፤ እዚያ የሸክላ ፈረስ፣ የቀርከሃ ዋሽንት፣ የስኳር አሻንጉሊትና የፈነዳ ሩዝ ይሸጣል። በወደብ ከተማዋ በቺታጎንግ አብዱል ጃባር የተባለ ነጋዴ በ1909 የጀመረው የትግል ውድድር እስካሁን በየዓመቱ ቦይሻክ 12 ቀን ላልዲጊ በሚባለው ሜዳ ይካሄዳል። ሰሞኑ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ከሰዓት በኋላም «ካልቦይሻኪ» የተባለው ድንገተኛ ማዕበል በነጎድጓድ የሚወርድበት በመሆኑ፣ ብዙው ነገር ጠዋት በጊዜ ነው የሚጀመረው።

በምግቡ ላይ ግን አንድ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ እንደ ጥንታዊ ባህል ተቆጥሯል። ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ያደረ ሩዝ፣ «ፓንታ»፣ በጨው፣ በጥሬ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚበላ የድሃ ገበሬ ቁርስ ነው። «ኢሊሽ» ደግሞ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣ፣ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ዓሣ የሆነ፣ ውድ ምግብ ነው። ሁለቱን በአንድ ሸክላ ሳህን ላይ አጣምሮ የአዲስ ዓመት ምልክት ያደረገው በ1980ዎቹ በዳካ ራምና መናፈሻ አካባቢ የተጀመረው ሽያጭ እንጂ የገጠር ወግ አይደለም። ያደረ ሩዝ የሚበላ ገበሬ ኢሊሽ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ይባስ ብሎ መጋቢትና ሚያዝያ የዓሣው ጫጩቶች የሚያድጉበት ወቅት ነው፤ መንግሥትም በእነዚህ ሁለት ወራት በተከለሉ የወንዝ ክፍሎች ማስገርን ስለሚከለክል፣ ከተሜው ዓሣውን አብዝቶ የሚፈልገው ዓሣ አስጋሪው በሕግ መረቡን በሰቀለበት ሰሞን ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። ምሁራንና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች በየዓመቱ «ለአዲስ ዓመት ኢሊሽ ይቅር» ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ፖለቲካው ስንመለስ፣ በዓሉን ከግብርና ከገበያ አውጥቶ የማንነት ዓርማ ያደረገው የፓኪስታን ዘመን ነው። በ1947 ቤንጋል ለሁለት ተከፍላ ምሥራቋ የፓኪስታን አካል ስትሆን፣ የካራቺ መንግሥት አንድነቱን በእስልምናና በኡርዱ ቋንቋ ላይ ሊመሠርት ፈለገ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ቤንጋልኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ብለው የወጡ ተማሪዎች ዳካ ላይ ተገደሉ። በ1954 ምርጫ ያሸነፈው የፋዝሉል ሐቅ ጥምር መንግሥት ፖሄላ ቦይሻክን የሕዝብ በዓል አድርጎ አወጀው፤ ያ መንግሥት ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ተባረረ። በ1961 የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር ወታደራዊው የአዩብ ኻን አገዛዝ ፊቱን አጠቆረ፤ በዓሉን ለማክበር ከተደረገው ትግል ውስጥም «ቻያኖት» የተባለው የሙዚቃና የባህል ማኅበር ተወለደ። ማኅበሩ በ1967 የአዲሱን ዓመት ጎሕ በራምና መናፈሻ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በታጎር መዝሙሮች ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ከፓኪስታን እሴት ጋር የማይስማሙ የታጎር መዝሙሮች ከመንግሥት ሬዲዮ እንደሚወጡ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ ሥር መዘመር ዘፈን ብቻ መሆኑ አበቃ። (ቦታው በሕዝቡ አፍ «የዋርካው ሥር» ቢባልም ዛፉ ሌላ የሾላ ዘመድ ነው፤ ስሙን ለማረም ግን ማንም የደፈረ የለም።) ባንግላዴሽ ከፓኪስታን የተገነጠለችበት የጦርነት ዓመት 1971ና ወረርሽኙ ያስተጓጎላቸው 2020ና 2021 ሲቀሩ መርሐ ግብሩ ተቋርጦ አያውቅም። በ2001 አክራሪዎች በዚያው ቦታ ቦምብ አፈንድተው 10 ሰዎች ሲገድሉ እንኳ በቀጣዩ ዓመት ሕዝቡ ተመልሶ ወጥቷል።

ሰልፉ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጄሶር ከተማ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ነበር፤ በ1989 ደግሞ፣ አገሪቱ በጄኔራል ኤርሻድ ወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ የዳካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና መምህራን ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠሩ ግዙፍ የነብር፣ የዝሆን፣ የፈረስና የጉጉት ምስሎችን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያ ስሙ «አኖንዶ ሾባጃትራ»፣ የደስታ ሰልፍ፣ ነበር፤ በ1996 «ሞንጎል ሾባጃትራ»፣ የበጎ ምኞት ሰልፍ፣ ተባለ። ወጪው የሚሸፈንበት መንገድ ልዩ ነው። ከበዓሉ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተማሪዎቹና መምህራኑ ሥዕል፣ የወረቀት ጭምብልና በቀለም ያጌጠ የሸክላ እንስራ ክዳን እየሠሩ በግቢው ይሸጣሉ፤ ቀርከሃውና ሙጫው የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው፣ የኩባንያ ስፖንሰርም አይፈለግም። በኖቬምበር 2016 ዩኔስኮ ሰልፉን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዘገበው።

ምዝገባው ክብር ብቻ ሳይሆን ጣጣም ይዞ መጣ። የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር የሼክ ሃሲና መንግሥት በ2017 ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሰልፉን እንዲያካሂዱ አዘዘ፤ ሄፋዛት ኤ ኢስላም የተባለውን የመሳሰሉ እስላማዊ ቡድኖች ደግሞ የእንስሳቱን ምስል ከሂንዱ አማልክት ጋር፣ «ሞንጎል» የሚለውንም ቃል ከሂንዱ ጸሎት ጋር አያይዘው ተቃወሙ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተገናኝተዋል ብል ማጋነን አይሆንም። በወታደራዊ አገዛዝ ላይ የወጣን የተማሪዎች ሰልፍ በሚኒስቴር መመሪያ ማስፈጸም ነፍሱን ማውጣት ነው፤ በገጠር ገበያ የሚሸጡትን የሸክላና የእንጨት አሻንጉሊቶች አጉልቶ የሠራን ጥበብ ጣዖት ማለትም የራስን መንደር አለማወቅ ነው። በበዓሉ ላይ ጥላ ያጠላው ክርክሩ ብቻም አይደለም፤ በ2015 በዩኒቨርሲቲው አካባቢ በሕዝብ መካከል በሴቶች ላይ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ ፖሊስ ፊት የሚሸፍን ጭምብል አገደ፣ የአደባባይ ዝግጅቱም ከማታ በፊት እንዲያልቅ ተደነገገ። ጭምብሉ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሆኗል።

በኦገስት 2024 ሃሲና በተማሪዎች አመፅ ከሥልጣን ወርዳ ወደ ህንድ ከሸሸች በኋላ፣ በሙሐመድ ዩኑስ በሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት ሥር የመጣው የ2025 በዓል የክርክሩን መልክ ገለበጠው። አዘጋጆቹ ስሙን ወደ ቀድሞው «የደስታ ሰልፍ» መልሰናል እንጂ አዲስ ነገር አላመጣንም አሉ፤ ተቃዋሚዎች ግን ለአክራሪዎች ግፊት መንበርከክ ነው ብለው ተቆጡ። ለዚያ ዓመት የተሠራው ዋናው ምስል «የፋሽዝም ፊት» የተሰኘ፣ ብዙዎች የሃሲናን መልክ ያዩበት ባለ ቀንድ ራስ ነበር። ኤፕሪል 12 ሌሊት ላይ ሲቃጠል አጠገቡ የነበረችው የሰላም ርግብም እሳቱ ነካት፤ ተማሪዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ፊቱን በፎም ሠርተው በሰዓቱ አወጡት። ለፍልስጤማውያን አጋርነት የተሠራ የተቆረጠ ሐብሐብም አብሮ ተሰለፈ። የቀድሞው መንግሥት ሰልፉን የኔ አርማ ነው ይል ነበር፤ አዲሶቹ ደግሞ የቀድሞውን መንግሥት ራሱን ምስል አድርገው አሰለፉት። የስሙ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እንደሚሉት የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የባለተራው መንግሥት ፊርማ ጭምር ነው።

ያው ፊርማ በህንድ በኩልም አለ። የምዕራብ ቤንጋል ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2023 የቦይሻክን የመጀመሪያ ቀን የግዛቲቱ መታሰቢያ ቀን፣ «ባንግላ ዲቦሽ»፣ እንዲሆን በውሳኔ አጸደቀ። ሥልጣን ላይ የነበረው የማማታ ባነርጂ ፓርቲ ይህን ያደረገው በማዕከላዊ መንግሥት የተደገፈውን የጁን 20 ቀን ለመከላከል ነው፤ ያ ቀን በ1947 የቤንጋል መከፈል የተወሰነበት ሲሆን፣ የሂንዱ ብሔርተኛው ፓርቲ እንደ መዳኛ፣ ተቃዋሚዎቹ እንደ ቁስል ያዩታል። ቦይሻክ የተመረጠው በጠብ መካከል ማንም ሊጠላው የማይችል ቀን በመሆኑ ነው።

ይህ «ማንም የማይጠላው» ቀን በሁለቱ አገሮች በአንድ ቀን የማይውልበት ምክንያት ደግሞ ንጹሕ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች እንደሚገምቱት የተንኮል አይደለም። የጥንቱ አቆጣጠር የሚለካው ፀሐይ ከከዋክብት አንጻር ወደ ቀድሞ ቦታዋ በምትመለስበት ጊዜ ስለሆነ ዓመቱ ከግሪጎርያኑ በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል፤ በዚህም በ60 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይንሸራተታል። የእኛም እንቁጣጣሽ በሌላ ምክንያት ቢሆንም ከዚህ ዓይነቱ መንሸራተት አላመለጠም፤ ከ2100 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ምዕራብ ቤንጋል የጥንቱን ስሌትና «ፓንጂካ» የሚባለውን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ይዛ ቀጠለች። ምሥራቁ ግን በ1963 በቋንቋ ሊቁ በሙሐመድ ሻሂዱላህ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ባለ 31፣ የቀሩትን ባለ 30 ቀን አደረገ፤ ባንግላዴሽ ይህን በ1980ዎቹ መጨረሻ በሥራ ላይ ስታውል አዲስ ዓመቷ ኤፕሪል 14 ላይ ቆመ። በ2019 እንደገና ተስተካክሎ ስድስቱ ወራት ባለ 31 ሆኑ፤ ዓላማውም ፌብሩዋሪ 21 ልክ እንደ 1952ቱ በፋልጉን 8 ቀን እንዲውል፣ ሌሎቹም ብሔራዊ ቀናት ወደ ጥንት ቦታቸው እንዲመለሱ ነበር። በድሮዋ ዳካ ያሉ ብዙ የሂንዱ ነጋዴዎች ግን መንግሥት ያለውን ሰምተው፣ መዝገባቸውን የሚከፍቱት በማግስቱ፣ ፓንጂካው ባዘዘው ቀን ነው።

ዛሬ የባንግላዴሽ የበጀት ዓመት የሚጀምረው በጁላይ ነውና የግብር መሥሪያ ቤቱ ቦይሻክን ከለቀቀው ቆይቷል። እንዲያውም ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ ለአዲስ ዓመቱ የመነሻ ደመወዙ 20 በመቶ ይከፈለዋል። ኢድም ሆነ የሂንዱዎቹ ዱርጋ ፑጃ ለየአማኙ የበዓል ጉርሻ ያስገኛል፤ ለሁሉም እኩል የሚከፈለው ግን ይህ ብቻ ነው። በዓሉ ከሃይማኖት በላይ ስለመሆኑ ከሚጻፈው ብዙ ድርሰት ይልቅ ይህች የደመወዝ መስመር የበለጠ ታሳምነኛለች።

ይሁንና «የሁሉም» የሚለው ቃል ራሱ ፈተና አለበት፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ቤንጋል ያልሆኑም አሉና። በደቡብ ምሥራቅ በቺታጎንግ ተራሮች የሚኖሩት ትሪፑራዎች «ቦይሱ»፣ ማርማዎች «ሳንግራይ»፣ ቻክማዎች «ቢጁ» የሚሏቸው አዲስ ዓመቶች በዚያው ሰሞን ይውላሉ፤ ሦስቱ በአንድ ላይ «ቦይሳቢ» ይባላሉ። ማርማዎች ውኃ ይረጫጫሉ፣ ቻክማዎች አበባ በወንዝ ላይ ይለቃሉ፣ ከበርካታ አትክልት የተሠራ ወጥም ለእንግዳ ይቀርባል። በዓላቸው ሦስት ቀን ያህል የሚወስድ ሲሆን የመንግሥት ዕረፍት ግን ለረጅም ዓመታት የቤንጋሎችን አንድ ቀን ብቻ ያውቅ ነበር። በ2025 ጊዜያዊው መንግሥት የዓመቱን የመጨረሻ ቀን፣ ኤፕሪል 13ን፣ በራንጋማቲ፣ በካግራቻሪና በባንዳርባን ወረዳዎች የሕዝብ በዓል አድርጎ በአስፈጻሚ ትእዛዝ ፈቀደ፤ በዳካውም ሰልፍ የእነዚህ ሕዝቦች ተወካዮች በየራሳቸው ልብስ ተሰለፉ። ይህ ፈቃድ በየዓመቱ በትእዛዝ የሚሰጥ ውለታ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ቋሚ ሕግ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሰልፉ ስም ያነሰ ወሬ ቢነሣበትም፣ በተራሮቹ ላይ ለሚኖረው ሰው ከስሙ የበለጠ የሚያገባው እርሱ ነው።